ደብሊውን ማን አስገባት? የሊትዌኒያ ፖላንዳውያንና ፓርቲያቸው

በ2007 ቪልኒየስ ውስጥ አንድ ሠርግ ነበር። ሙሽራው ከፖላንድ የመጣ የፖላንድ ዜጋ ነው። ሙሽራዋ ሊትዌኒያ ተወልዳ ያደገች፣ ፓስፖርቷም የሊትዌኒያ፣ የቤተሰቧ ቋንቋ ግን ፖላንድኛ። ተጋቡ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀትም ወጣላቸው። የባል የቤተሰብ ስም በደብሊው ተጽፏል። ሚስት ከራሷ ስም ጋር አያይዛ የወሰደችው የዚያው የባሏ ስም ደግሞ በቪ። አንድ ወረቀት፣ አንድ ማኅተም፣ ሁለት ዓይነት ስም።

ምክንያቱ ይህ ነው። እሱ የውጭ ዜጋ ስለሆነ ስሙ እንዳለ ይገለበጣል። እሷ ግን የሊትዌኒያ ዜጋ ናት፤ በሊትዌኒያ ፊደል ገበታ ውስጥ ደግሞ ደብሊው የለችም። ጉዳዩ ሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። በሜይ 2011 ፍርድ ቤቱ «ልዩነቱ በቤተሰቡ ላይ ከባድ ችግር ያስከትል እንደሆነ የሀገሩ ፍርድ ቤት ይመዝን» ብሎ ነገሩን መልሶ ወደ ቪልኒየስ ላከው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ለአንዲት ፊደል ይህ ሁሉ?» የሚል አይጠፋም። እስቲ «ዓለሙ» የሚባል ሰው ይዛችሁ በአልፋው «አለሙ» ብላችሁ ጻፉለት። አንዳንዱ ምንም አይመስለው። አንዳንዱ ግን «አባቴ በዐይኑ ነው ያወጣልኝ» ብሎ ወረቀቱን ይመልስላችኋል። ውጭ ሀገር የሚኖር ሐበሻም የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ሲጠራበት ምን እንደሚሰማው ያውቃል። የሊትዌኒያ ፖላንዳውያን ነገር ከዚህ ይጀምራል። ከዚያ ግን ወደ ታፔላ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ፓርቲና ወደ ሚኒስትር ወንበር ይሄዳል።

ሊትዌኒያ 2.8 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ትንሽ ሀገር ናት። በ2021 ቆጠራ ፖላንዳዊ ነኝ ያለው 183 ሺህ ሰው ነው፤ ከሕዝቡ 6.5 ከመቶ። ከአናሳዎቹ ብዙዎቹ እነሱ ናቸው፤ ሩሲያውያኑ 5 ከመቶ ያህል ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አልተበተነም። አብዛኛው ሰው ያለው በዋና ከተማዋ በቪልኒየስና በዙሪያዋ ነው። ከከተማዋ በስተ ደቡብ፣ ቤላሩስ ድንበር ላይ፣ ሻልቺኒንካይ የሚባል ወረዳ አለ፤ እነሱ ሶሌችኒኪ ይሉታል። እዚያ ከአራቱ ሰው ሦስቱ ፖላንዳዊ ነው። ከተማዋን ቀለበት ሆኖ በሚከበው የቪልኒየስ ወረዳ ደግሞ ግማሽ ሊሞሉ ትንሽ ይቀራቸዋል። ማለትም አናሳ የሚባሉት በሀገር ደረጃ ነው እንጂ፣ በቀበሌያቸው ብዙኃኑ እነሱ ናቸው።

ሊትዌኒያውያኑን የሚያስፈራቸውም ይኸው ነው። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ሳይያዝ ጭቅጭቁ አይገባም። በ1920 የፖላንዱ ጄኔራል ዤሊጎቭስኪ ጦር ይዞ ቪልኒየስ ገባ። ከተማዋና ዙሪያዋ እስከ 1939 በፖላንድ እጅ ቆዩ። ሊትዌኒያ በዚህ ሁሉ ጊዜ መንግሥቷን ካውናስ አስቀምጣ «ዋና ከተማዬ ቪልኒየስ ናት» እያለች ኖረች። ከዚያም በፊት ለዘመናት የሊትዌኒያ መኳንንት ቋንቋቸውን ትተው ወደ ፖላንድኛ ሄደዋል። ሊትዌኒያኛ የገበሬ ቋንቋ ሆኖ ነው የተረፈው። ስለዚህ ብዙ ሊትዌኒያዊ ሻልቺኒንካይ ያለውን ፖላንዳዊ ሲያይ «ይሄማ የኛው ሰው ነው፤ አያቱ ቋንቋውን ተነጥቆ ነው» ይላል። ፖላንዳዊው ደግሞ ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላል። ማንነቱን ሌላ ሰው ሲተረጉምለት የማይፈላ ማን አለ?

ደብሊው ራሷ ታሪክ አላት። ከ1863ቱ አመፅ በኋላ የሩሲያ ዛር መንግሥት ሊትዌኒያኛ በላቲን ፊደል እንዳይታተም ከለከለ። ክልከላው እስከ 1904 ቆየ፤ 40 ዓመት ገደማ። መጽሐፍ በፕሩሲያ እየታተመ፣ በሌሊት በጀርባና በጋሪ ድንበር እየተሻገረ ነበር የሚገባው። አሻጋሪዎቹ «ክኒግኔሻይ» ይባላሉ፤ መጽሐፍ ተሸካሚዎች ማለት ነው። ሲያዙ ወደ ሳይቤሪያ የተጋዙ አሉ። ከእነሱ ዋናው የሚባለው ዩርጊስ ቢየሊኒስ የተወለደበት ማርች 16 ዛሬም የመጽሐፍ ተሸካሚዎች ቀን ሆኖ ይከበራል። እንግዲህ በፊደል ምክንያት እስር ቤት የገባ ሕዝብ ነው።

ጉዱ ግን እዚህ ላይ ነው። እነዚያ በድብቅ የገቡ ጽሑፎች ብዙዎቹ በደብሊው የተጻፉ ነበሩ። የያኔው ሊትዌኒያኛ አጻጻፉን ከፖላንድኛ ነበር የወረሰው። በ1883 የወጣችው «አውሽራ» የተባለች ዝነኛ ጋዜጣ ስሟ ውስጥ ያለችውን «ሽ» እንኳ በፖላንዶች ዘዴ በሁለት ፊደል ነው የጻፈችው። ከዚያ በኋላ የቋንቋው ሰዎች «ከፖላንዶች እንለይ» ብለው ከቼኮች ቆብ ያደረጉ ፊደላትን አመጡ፣ ደብሊውን በቪ ተኩ። እና ደብሊው በሊትዌኒያ ዓይን «የማናውቃት ባዕድ» አይደለችም። ከቤት የተባረረች ናት። ለዚህ ይመስለኛል ተመልሳ ስትመጣ በር ላይ ያን ያህል ግርግር የሆነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቪየቶች ድንበሩን ሲያካልሉ ከ150 ሺህ በላይ ፖላንዳውያን ከሊትዌኒያ ወደ ፖላንድ ተሻገሩ። የሄደው በብዛት የተማረው ነው፤ መምህሩ፣ ሐኪሙ፣ ቄሱ፣ የከተማው ሰው። የቀረው ገበሬው ነው። ይህ የቀረው ሰው ቤቱ የሚናገረው ደግሞ ሁልጊዜ የዋርሶ ፖላንድኛ አይደለም። በብዙ መንደር «ፖ ፕሮስቱ» የሚሉት አለ፤ «እንዲሁ በቀላሉ» እንደማለት ነው። ወደ ቤላሩስኛ የሚጠጋ የቤት ንግግር ነው። አሮጊቷን «ምንድን ነሽ?» ብትሏት «ፖላንዳዊት» ትላችኋለች። ጸሎቷ በፖላንድኛ ነው። ላሟን የምትጠራው ግን በ«ፖ ፕሮስቱ» ነው። ፓርቲው አንድ ቋንቋ ይዞ ሲሰለፍ እዚህ ቤት ውስጥ ቢያንስ ሦስት እንዳሉ ልብ በሉ፤ ሩሲያኛ ሲጨመር አራት።

ወደ ፖለቲካው እንሂድ። በ1988 ሊትዌኒያውያን ከሶቪየት ለመውጣት ሲነሱ ፖላንዳውያኑም ማኅበር አቋቋሙ፤ በዓመቱ የሊትዌኒያ ፖላንዳውያን ኅብረት ሆነ። ያኔ ትልቅ ስህተት ተሠራ። የሁለቱ ወረዳ ምክር ቤቶች የፖላንዳውያን ራስ ገዝ ክልል አወጁ። አንዳንዶቹ መሪዎች ደግሞ ጀርባቸውን ለሞስኮ የሰጡ አልነበሩም። ማርች 11 ቀን 1990 ነፃነት ሲታወጅ 124 ድምፅ ለድጋፍ፣ 0 ለተቃውሞ ሆኖ 6 ሰዎች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፤ እነዚያ 6ቱ ፖላንዳውያን ተመራጮች ነበሩ። በኦገስት 1991 የሞስኮው መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ ቪልኒየስ ሁለቱንም ምክር ቤቶች አፈረሰች፣ አስተዳዳሪ ከላይ ሾመች። ለሊትዌኒያውያን ያ ስድስት ድምፅ እስካሁን አልተረሳም። ለፖላንዳውያኑ ደግሞ የፈረሰው ምክር ቤት አልተረሳም።

በ1992ቱ ምርጫ የአናሳ ድርጅቶች ወደ ፓርላማው፣ ወደ ሴይማስ፣ ለመግባት 2 ከመቶ ይበቃቸው ነበር። ኅብረቱ 4 ወንበር አገኘ። ከዚያ ሕጉ ተለወጠና ማኅበር በስሙ መወዳደር የማይችልበት ጊዜ መጣ። በ1994 ለዚሁ ሲባል ፓርቲ ተመሠረተ፤ የሊትዌኒያ ፖላንዳውያን የምርጫ ንቅናቄ። በ1996 ደግሞ የአናሳዎቹ ቅናሽ ተነሣ፣ ለሁሉም እኩል 5 ከመቶ ሆነ።

ይህችን 5 ከመቶ ቆም ብላችሁ አስሏት። ፖላንዳውያኑ ከሕዝቡ 6 ከመቶ ተኩል ናቸው። ሁሉም ድምፅ ቢሰጥ፣ ሁሉም ለአንድ ፓርቲ ቢሰጥ፣ ያልፋሉ። አንድ አራተኛው ብቻ ቤቱ ቢቀር ወይም ሌላ ቢመርጥ ወደቁ። ስለዚህ ፓርቲው ሁለት ነገር የግድ ይሆንበታል። አንደኛ፣ ከፖላንዳዊ መንደር አንድም ድምፅ እንዳያመልጥ መያዝ። ሁለተኛ፣ ከሌላ ወገን ድምፅ መበደር። ከማን? ከሩሲያውያኑ። ፓርቲው በኋላ የሠራው መልካሙም መጥፎውም ነገር ከዚህች ሂሳብ ውስጥ ቢፈለግ ይገኛል። ጎረቤት ፖላንድ የአናሳ ብሔር ዝርዝሮችን ከ5 ከመቶው ነፃ ታደርጋለች፤ ጀርመኖቿ በዚህ ምክንያት ከ1991 እስከ 2023 ወንበር ሳይጎድልባቸው ኖረዋል። ሊትዌኒያ ያንን በር ስትዘጋ አናሳውን ወደ ተራ ፓርቲዎች እገፋዋለሁ ብላ አስባ ይሆናል። የሆነው ተቃራኒው ነው። ሁሉም አንድ ድንኳን ውስጥ ገባ።

ሴይማስ 141 ወንበር አለው፤ 71ዱ በምርጫ ክልል፣ 70ው በፓርቲ ዝርዝር። ንቅናቄው ለዓመታት 5 ከመቶውን እየሳተ ከምርጫ ክልሎቹ ከ1 እስከ 3 ወንበር ብቻ ይለቅም ነበር። ኃይሉ የነበረው ግን ሴይማስ ውስጥ ሳይሆን ሁለቱ ወረዳዎች ውስጥ ነው። ምክር ቤቱ የእነሱ፣ ከንቲባው የእነሱ። ትምህርት ቤቶቹ የሚተዳደሩት በወረዳው ስለሆነ ርዕሰ መምህር ማን ይሁን የሚለውም እነሱ ዘንድ ያልቃል። ገጠር ውስጥ ትምህርት ቤት፣ ማዘጋጃ ቤትና የባህል ማዕከል ዋናዎቹ ቀጣሪዎች ናቸው። የሰው እንጀራ፣ የልጁ ትምህርትና ፓርቲው አንድ ክር ላይ ሲታሰሩ ምን እንደሚሆን ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከ1999 ጀምሮ መሪው ቫልዴማር ቶማሼቭስኪ ነው፤ መሐንዲስ፣ ከ2009 ወዲህ የአውሮፓ ፓርላማ አባል። ሰውየው ራሱ በሁለት ስም ነው የሚኖረው። ሊትዌኒያውያኑ በቪና በቆብ ይጽፉታል፤ የራሱ ሰዎች በደብሊውና በሁለት ፊደል «ሽ»። እኔ በግዕዝ ስጽፈው ልዩነቱ ድራሹ ይጠፋል፤ የሁለቱም አንደበት ይኸው ነው። ጠቡ ዓይን ላይ ነው እንጂ ጆሮ ላይ የለም።

ነገሩን በጣም ያከረረው የትምህርት ሕጉ ነው። በማርች 2011 ሴይማስ ሁለት ነገር ወሰነ። በአናሳ ትምህርት ቤቶች የሊትዌኒያ ታሪክ፣ የሊትዌኒያ ጂኦግራፊና የሥነ ዜጋ ክፍሎች በሊትዌኒያኛ ይሰጡ። የ12ኛ ክፍል የሊትዌኒያኛ ፈተናም ከ2013 ጀምሮ ለሁሉም አንድ ይሁን። መንግሥት «ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዳይቸገሩ ነው» አለ። ውሃ የማያነሳ ክርክር አይደለም። ወላጆቹ ግን «የእናንተ ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉንም በሊትዌኒያኛ ይማራል፤ የኛ ልጅ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ። እንዴት አንድ ፈተና ይሆናል?» አሉ። ይሄም ትክክል ነው። 60 ሺህ ፊርማ ተሰበሰበ፤ በሴፕቴምበር ትምህርት ሲከፈት ልጆች ከክፍል ቀሩ፣ ቪልኒየስ ላይ ሰልፍ ወጣ። የያኔው የፖላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ዶናልድ ቱስክ በዚያው ሳምንት ወደ ቪልኒየስ መጣ። ያኔ 200 ሺህ ገደማ ከነበሩት ፖላንዳውያን አንጻር 60 ሺህ ፊርማ ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። ፓርቲው ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ቀን አላየም።

የታፔላው ነገር ደግሞ ወደ ቀልድ ሊጠጋ ይችል ነበር፣ ገንዘብ ባያስከፍል። በ1989 የወጣው የአናሳ ብሔረሰቦች ሕግ፣ አናሳው በብዛት ባለበት አካባቢ ጽሑፍ በሁለት ቋንቋ እንዲሆን ይፈቅድ ነበር። የ1995ቱ የመንግሥት ቋንቋ ሕግ ደግሞ የሕዝብ ጽሑፍ በሊትዌኒያኛ ይሁን ይላል። ሁለቱ ሕጎች ለ15 ዓመት ጎን ለጎን ተፋጠው ኖሩ። የ1989ኙ ሕግ ግን የጊዜ ገደብ ነበረበት፤ በ2010 መጀመሪያ ሞተ። ማንም አላሳደሰውም። ሻልቺኒንካይ ውስጥ ሰዎች ቤታቸው አጥር ላይ የመንገዳቸውን ስም በፖላንድኛም ጭምር ሰቅለው ነበር። ፍርድ ቤት «ይነሣ» አለ። የወረዳው አስተዳደር ኃላፊ ቦሌስዋቭ ዳሽኪዬቪች «የግለሰብ አጥር ነው፣ እኔ ሄጄ አልነቅልም» አለ። በ2014 መባቻ ከ43 ሺህ ሊታስ በላይ ተቀጣ፤ 12 ሺህ ዩሮ ገደማ መሆኑ ነው። ለአጥር ታፔላ።

እዚያው ቪልኒየስ መሃል ከተማ ደግሞ ከ2016 ገደማ ጀምሮ አይስላንድ ጎዳና ላይ የአይስላንድኛ፣ አይሁድ ጎዳና ላይ የዕብራይስጥና የይዲሽ ጌጠኛ ታፔላ ተሰቅሏል። አይስላንድ የሊትዌኒያን ነፃነት በቅድሚያ የተቀበለች ሀገር ስለሆነች ክብር ይገባታል፤ ጥሩ ነው። ሻልቺኒንካይ ያለው ሰው ግን ጎዳናው ላይ ስንት አይስላንዳዊ እንደሚኖር መጠየቁ አይቀርም።

የስሙ ነገርም እንዲሁ ሲንከባለል ኖሯል። በኤፕሪል 1994 ሊትዌኒያና ፖላንድ የወዳጅነት ውል ሲፈራረሙ፣ አናሳዎች ስማቸውን በቋንቋቸው ድምፅ የመጠቀም መብት ተጽፎ ነበር። በተግባር ግን ምንም አልተለወጠም። ኤፕሪል 8 ቀን 2010 የፖላንዱ ፕሬዚዳንት ሌህ ካቺንስኪ ቪልኒየስ ለጉብኝት ተገኝቶ ሳለ፣ ሴይማስ በዚያው ቀን የስም ረቂቁን ጣለው። ከሁለት ቀን በኋላ ካቺንስኪ ስሞሌንስክ ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የሊትዌኒያ የቅርብ ወዳጅ የሚባል ሰው ነበር። ፖላንድ ውስጥ ይህች የሁለት ቀን ልዩነት ለረጅም ጊዜ አልተረሳችም።

ይህ ሁሉ ቅሬታ በ2012 ፍሬ አፈራ። ንቅናቄው ከሩሲያውያኑ ማኅበር ሰዎችን ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶ 5.83 ከመቶ አገኘ፤ 8 ወንበር። ጥምር መንግሥት ውስጥ ገባ፣ የኢነርጂ ሚኒስትርነት ያዘ። አሁን ሕጉ ያልፋል ተባለ። አላለፈም። በ2014 በሹመት ጭቅጭቅ ከጥምሩ ወጣ፤ ደብሊውም ታፔላውም ባሉበት ቀሩ።

በዚያው ዓመት ደግሞ ብድሩ መከፈል ጀመረ። ሩሲያ ክሪሚያን ወደ ግዛቷ ከቀላቀለች ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በሜይ 9 የድል በዓል ላይ ቶማሼቭስኪ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሪባን አድርጎ ታየ። ብርቱካንማና ጥቁር ሸንተረር ያላት ሪባን ናት፤ ያኔ በምሥራቅ ዩክሬን ለሩሲያ የወገኑት የዶንባስ ታጣቂዎች ምልክት ሆና ነበር። እሱ ጎን ለጎን የፖላንድን ቀለም አድርጓል። ማን ያይለታል? ለሊትዌኒያ ቴሌቪዥን ተመልካች የታየችው አንዷ ብቻ ናት። ዋርሶ ያሉ ብዙ ደጋፊዎቹም አፈሩ። ከሩሲያውያኑ ድምፅ ካልተበደሩ 5 ከመቶው አይሞላም፤ ከተበደሩ ደግሞ «የፖላንድኛ ጥያቄ» ያሉት ሁሉ «የክሬምሊን ጥያቄ» ይሆናል። ያቺ ሂሳብ አስገድዳዋለች የሚል አለ። በእኔ እይታ ግን ሪባኗን ሂሳቧ አላደረገችለትም፤ ራሱ ነው ያደረጋት።

ታዲያ ደብሊውን ማን አስገባት?

ፓርቲው አይደለም። ቪልኒየስ ያደጉ፣ ሦስት ቋንቋ ያለ ጭንቀት የሚቀያይሩ ወጣት ፖላንዳውያን መጡ። ፓርቲው የሚናገረው የወረዳ ቋንቋ፣ የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ሆነባቸው፤ በ2016 ስሙ ላይ እንኳ «የክርስቲያን ቤተሰቦች ጥምረት» የሚል ጨምሯል። እነሱ በሰልፍ ፈንታ ፍርድ ቤት መረጡ። በአንድ የሰብአዊ መብት ድርጅት ውስጥ የሕግ ባለሙያዎች የስም መዝገቦችን አንድ በአንድ እየያዙ መክሰስ ጀመሩ። አንድ ጉዳይ ሲያሸንፉ ሌላው ይከተላል። ከእነዚያ ባለሙያዎች አንዷ ኤቬሊና ዶብሮቮልስካ ናት። በ2020 የሊበራሉ የነፃነት ፓርቲ ተመራጭ ሆና ሴይማስ ገባች፣ የፍትሕ ሚኒስትርም ሆነች። ፖላንዳዊት ናት፣ የፖላንዳውያኑ ፓርቲ ግን አይደለችም። ጃንዩዋሪ 18 ቀን 2022 ሕጉ አለፈ፤ ኪው፣ ደብሊውና ኤክስ በስም ውስጥ ተፈቀዱ። ሜይ 1 ሥራ ላይ ዋለ። ሚኒስትሯ የራሷን ስም ሁለት ቦታ ቪዋን አውጥታ ደብሊው አስገባች። ሀገር አልፈረሰም፤ ሊትዌኒያኛም እንዳለ አለ።

እኔን የሚገርመኝ፣ ከ20 ዓመት በላይ ሲጮህለት የነበረው ነገር ጯሂው በሌለበት መፈጸሙ ነው። እዚህ ላይ ፓርቲውን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ጥያቄው ሳይመለስ መቆየቱ ለብዙ ሰው ይመች ነበር። ለሊትዌኒያ ብሔርተኛው ምርጫ በመጣ ቁጥር የሚያሳየው አስፈሪ ነገር አለው። ለንቅናቄው ደግሞ ሕዝቡን አንድ ድንኳን ውስጥ የሚያቆይለት ዝናብ አለው። ሌላው መንገድ የተከፈተው ጉዳዩ ከሁለቱም እጅ ወጥቶ፣ የአንድ ሰው ስም፣ የአንድ ሰው ወረቀት ሆኖ ሲቀርብ ነው።

በምርጫ ሳጥን ውስጥ ያለው ለውጥ ከዚያም ቀደም ብሎ ጀምሯል። በ2016 ንቅናቄው 5.48 ከመቶ አግኝቶ 8 ወንበሩን አስጠብቆ ነበር። በ2020 ለጥቂት ከ5 ከመቶ በታች ወረደ፤ 3 ወንበር። በ2024ም ያው 3 ወንበር። ከሁሉ የሚያመው የ2023 የአካባቢ ምርጫ ነው። የቪልኒየስ ወረዳ ከንቲባነት፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የያዘው ቦታ፣ ከእጁ ወጣ። ያሸነፈው ሊትዌኒያዊ ቢሆን «ከከተማ የፈለሰው ቤት ሠሪ ነው የጣለን» ይባል ነበር፤ በእርግጥም የወረዳው ሕዝብ ከከተማ በሚወጡ ሊትዌኒያውያን እየተለወጠ ነው። ያሸነፈው ግን ሮበርት ዱህኒዬቪች ነው፤ እሱም ፖላንዳዊ፣ በሶሻል ዴሞክራቶች ስም የቀረበ። ሻልቺኒንካይ ብቻ ከፓርቲው ጋር ቀረች።

ይህን ካልኩ በኋላ ለንቅናቄው የሚገባውን ልስጠው። ዛሬም በሊትዌኒያ ከአንደኛ እስከ 12ኛ ክፍል በፖላንድኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ከ10 ሺህ በላይ ልጆች ይማሩባቸዋል። ቪልኒየስ ውስጥ ከ2007 ጀምሮ የቢያዊስቶክ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ አለ። በፖላንድኛ የሚወጣ ጋዜጣ፣ ሬዲዮ፣ ከ2019 ወዲህ ቴሌቪዥን አለ። የገጠር ትምህርት ቤት «ተማሪ አነሰ» ተብሎ ሊዘጋ ሲል በር ላይ የሚቆም የወረዳ ምክር ቤት ባይኖር፣ ከእነዚህ ስንቱ ይተርፍ ነበር? ወጣቶቹ የሕግ ባለሙያዎች ያሸነፉት ፍርድ ቤት ውስጥ ነው። ፖላንድኛ ማንበብ የተማሩት ግን እነዚያው ክፍሎች ውስጥ ነው። ፊደል በፍርድ ቤት ይገባ ይሆናል። አራት ኪሎ ሜትር በበረዶ ተጉዘው ለሚመጡ ስድስት ልጆች መምህር የሚቀጥረው ግን ጠበቃ አይደለም።

በኖቬምበር 2024 ሴይማስ ለ15 ዓመት ያልነበረውን የአናሳ ብሔረሰቦች ሕግ መልሶ አወጣ፤ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ጸንቷል። ሰላም የሚመስል ሕግ ነው። ባህልን መጠበቅን፣ ቋንቋን መማርን ይላል። የሚያጣላውን፣ ማለትም የጎዳና ታፔላንና የስም አጻጻፍን፣ ሳይነካ በጎን አልፎታል። የአውሮፓን የአናሳ ቋንቋዎች ቻርተርም ሊትዌኒያ እስከዛሬ አልፈረመችም። ሁለቱ መንግሥታት ግን እንደ 2010ሩ አይናከሱም። የዩክሬን ጦርነት ቪልኒየስንና ዋርሶን አንድ ጉድጓድ ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ ለታፔላ ብሎ ጎረቤትን የሚያስቀይም ፖለቲከኛ በሁለቱም በኩል ቀንሷል። ይህ ለሊትዌኒያ ፖላንዳውያን በጎ ነው ወይስ ክፉ? ጩኸቱ ቀንሷል። ጠበቃ ሀገራቸውም ዝም ብላለች።

ደብሊውን ያስገባው የነፃነት ፓርቲም በ2024ቱ ምርጫ ያቺን 5 ከመቶ ሳይሞላ ከሴይማስ ወጣ። በሴፕቴምበር 2025 አዲስ መንግሥት ሲቋቋም ደግሞ የፖላንዳውያኑ ንቅናቄ በ3 ወንበሩ ጥምሩ ውስጥ ገባ፣ ሚኒስቴርም ደረሰው። የደረሰው ያው የዶብሮቮልስካ የነበረው የፍትሕ ሚኒስቴር ነው። ሪታ ታማሹኒዬኔ ወንበሩን ስትረከብ የስም ሕጉም አብሮ መጣላት። በዚያ ሕግ ደብሊው ተፈቅዳለች። ፖላንዶች ኤል ላይ የሚያጋድሟት ጭረት ግን እስካሁን አልተፈቀደችም። ስለዚህ ለአጥሩ ታፔላ የተቀጣው ቦሌስዋቭ መታወቂያው ላይ ደብሊውዋን ማግኘት ይችላል፤ ኤሉ ግን ያለ ጭረት ነው የሚጻፍለት፣ ሲነበብም «ቦሌስላቭ» ይሆናል።